ህንድ ላይ ሆዴ ጉድ ሰራኝ፣ አሁን ደሞ እንግዳዬ ለጥምቀት ባህርዳር ሊመጣ ነው (የሐኪም ምላሽ)

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። ጠያቂው የ46 አመት ሰው ነው፣ ባህርዳር ላይ የውሃ ፓምፕ አስመጪ፣ ደንበኞቹ በብዛት የፎገራና የደራ ሽንኩርትና ሩዝ አምራቾች። ባለፈው ግንቦት ጉጃራት ውስጥ ራጅኮት የምትባል ከተማ ፓምፕ ፋብሪካ ሊያይ ሄደ። በአራተኛው ቀን የፋብሪካው ባለቤት ቤቱ ወስዶ ራት አበላው፣ ሊነጋጋ ሲል ከባድ ተቅማጥ ጀመረው፣ ስለዚ ጥፋቱ የራቱ ነው ብሎ ያምናል፤ ከዛ በፊት በነበረው ቀን ግን የፋብሪካው ሽያጭ ሰራተኛ መንገድ ላይ ፓኒ ፑሪ አብልቶት በረዶ ያለበት የሸንኮራ ጭማቂ አጠጥቶታል። ከቤት የያዘውን ሲፕሮና ቲኒዳዞል ዋጠ፣ አልተሻለውም፣ ለጋበዘው ሰው አፍሮ ሳይናገር ሁለት ቀን ሆቴል ተኛ፣ በሁለተኛው ሌሊት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወድቆ መሬት ላይ ነቃ። "የደም ግፊት ኪኒኔን ግን አንድም ቀን አላቋረጥኩም" ይላል። ባለፋብሪካው ደሞ ሲጠፋበት ጊዜ ዋጋው ስላልተስማማው ነው ብሎ ተቀይሞ ነበር። አሁን ያው ባለፋብሪካ ከነሚስቱ ለጥምቀት ወደ ባህርዳር ይመጣል። ምን ነበር የያዘኝ፣ ለሚቀጥለው ምን ልያዝ፣ ሰው ቤት የቀረበልኝን ሳላስቀይም እንዴት ልለፍ፣ እነሱንስ እዚ ምን ላብላ ነው ጥያቄው። መጨረሻ ላይ "ባለቤቴ በሶ ልትቋጥርልኝ ትፈልጋለች፣ በሶ ይዞ ህንድ መሄድ አያሳፍርም ወይ" ብሎ ጨምሯል።

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ እንኳን ለአገርህ አበቃህ። በእድሜ ሳልበልጥህ አልቀርም፣ አንተ እያልኩ ብጽፍልህ ቅር አይበልህ። የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ፣ እዚሁ ባህርዳር ስሰራ ከህንድም ከቻይናም ከዱባይም ሆዱን ይዞ የተመለሰ ነጋዴ ብዙ አይቻለሁ፣ ሁሉም የሚጠይቀኝ ምን በልቼ ነው እያለ ነው፣ እኔ ግን ያንተን ሳነብ ክው ያልኩት በአንድ መስመር ብቻ ያለፍካት ነገር ላይ ነው፣ መታጠቢያ ቤት ወድቄ ነቃሁ ያልካት። ስለዚ ከሷ ልጀምር።

እስቲ ያን ቀን አስበው። ራጅኮት በግንቦት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ ዝም ብለህ ብትቀመጥ እንኳ ላቡ ይወስድሃል፣ በዛ ላይ ሁለት ቀን ሙሉ እንደ ውሃ የሚወርድ ተቅማጥ፣ ምግብ የለም፣ የጠጣኸው እንደነገርከኝ ትንሽ ሻይና ኮካ ነው፣ እና ጠዋት ጠዋት ተነስተህ የግፊት ኪኒንህን ትውጣለህ። የኪኒኑን ስም አልጻፍክም፣ ግን እዚ ሀገር በብዛት የምናዘው ኤናላፕሪል፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድና አምሎዲፒን ነው፣ አንዳንዴ ሁለቱን ባንዴ። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ማለት የሚያሸናው ነው፣ ስራው ጨውና ውሃ ከሰውነትህ ማስወጣት ነው፣ አንተ ደሞ ያን ጊዜ ጨውም ውሃም ሽንት ቤት እየፈሰሰብህ ነበር። ኤናላፕሪል ደሞ ፈሳሽ ሲያጥርህ ኩላሊትህ ራሱን የሚያድንበትን መንገድ ይዘጋበታል። ግፊትህ ወርዶ ነበር ማለት ነው፣ አንተ ግን ግፊት የሚያወርድ መድኃኒት ትጨምርበታለህ። ተነስተህ ስትቆም ደሙ ጭንቅላትህ ጋር አልደረሰም፣ ወደቅክ። የመታጠቢያው ጠርዝ ጭንቅላትህን ቢያገኘው ኖሮ ዛሬ ይሄን አልጽፍልህም ነበር፣ እግዜር ነው ያተረፈህ።

"አላቋረጥኩም" ያልከው በኩራት መሆኑ ገብቶኛል፣ ጥፋቱም ያንተ አይደለም፣ እኛ ሐኪሞች ነን በየቀጠሮው "እንዳታቋርጥ" እያልን የምንሸኛችሁ፣ መቼ ለጊዜው እንደሚቆም ግን አንነግራችሁም። እንግዲህ አሁን ስማኝ። ከባድ ተቅማጥ ወይም ትውከት ይዞህ በደንብ መጠጣት ካቃተህ የሚያሸናው ኪኒንና ኤናላፕሪል (እና መሰሎቹ) ለጊዜው ይቆማሉ፣ መብላትና መጠጣት ጀምረህ አንድ ሁለት ቀን ካለፈህ በኋላ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። ግን ይሄን ካነበብከው ተነስተህ ሳይሆን ከመሄድህ በፊት ኪኒኖችህን ከነማሸጊያቸው ይዘህ ለሚከታተልህ ሐኪም አሳይተህ የትኛው ይቁም የትኛው አይቁም በወረቀት አስጽፈህ ነው፣ ምክንያቱም እንደ አቴኖሎል አይነቱን ባንዴ ማቆም ራሱ ችግር ያመጣል። ስኳር ያለበትና ሜትፎርሚን የሚወስድ ሰው ካነበበው ይሄ እሱንም ይመለከታል፣ እሱም እንዲሁ አስቀድሞ ይጠይቅ። እና ደሞ በዛ ሰአት ቁርጠት ነው ራስ ምታት ነው ብለህ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን እንዳትነካ፣ ውሃ ያጠረው ኩላሊት ላይ ዱላ ነው፣ ፓራሲታሞል ይበቃሃል።

ወደ ሆድህ ስመጣ፣ ራቱን በደለኛ ማድረግህ አይጸናም። የተጓዥ ተቅማጥ የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ከባክቴሪያ ነው፣ ዋናው ኢ ኮላይ የሚባለው የተወሰነ ዘር ነው፣ ከገባ በኋላ ከጥቂት ሰአት እስከ ሶስት ቀን ድረስ ቆይቶ ነው የሚነሳው። ስለዚ ያመመህ ከፊቱ ባለው ቀን ከበላኸው ሊሆን ይችላል፣ እውነቱን ለመናገር እኔ የምጠረጥረው ፓኒ ፑሪውንና ሸንኮራውን ነው። ፓኒ ፑሪ ማለት ውስጡ ባዶ ሆኖ የተጠበሰ ቅርፊት ነው አይደል፣ ሻጩ በአውራ ጣቱ ይበሳውና ድንችና ሽምብራ ጨምሮ ባልዲ ውስጥ ካለው ቅመም የገባበት ውሃ ይነክረዋል፣ ያ ውሃ አልፈላም፣ ባንድ እጅ ብርም ይቀበላል ቅርፊትም ይነክራል። ሸንኮራው ራሱ ንጹህ ቢሆን እንኳ በረዶው ከየት ውሃ እንደተሰራ ማንም አይነግርህም። ሰውየው ቤት የበላኸው ግን፣ አንተው እንደጻፍከው፣ ከምጣድ እየወረደ የሚቀርብ ትኩስ ቂጣና የሚጨስ የክክ ወጥ ነው። በእሳት ያለፈና እንደጋለ የሚበላ ነገር ብዙም አያሳምምም። ይሄን አስረግጬ የምነግርህ ለሳይንሱ ብቻ ብዬ አይደለም፣ በቤቱ ያበላህን ሰው በልብህ ከሰህ ይዘኸዋል፣ ሲመጣ ያን ይዘህ ባትቀበለው ደስ ይለኛል።

መድኃኒቶቹ ለምን አልሰሩም ላልከው። እኛ ሀገር ሆድ ከታመመ አሜባና ጃርዲያ ነው ይባልና ቲኒዳዞል ይዋጣል፣ ቲኒዳዞል ግን ኢ ኮላይን አይነካውም። ሲፕሮ ደሞ ድሮ ጥሩ ነበር፣ ደቡብ እስያ ላይ ግን ባክቴሪያዎቹ ለምደውታል፣ በተለይ ካምፒሎባክተር የሚባለው። ለዛ አካባቢ ዛሬ የሚመረጠው አዚትሮማይሲን ነው፣ ለአዋቂ 500 ሚሊግራም በቀን አንዴ እስከ 3 ቀን፣ ወይ 1000 ባንዴ። እሱንም ለእያንዳንዱ ቀላል ተቅማጥ አይደለም፣ ከአልጋ ሲጥልህ ወይም ትኩሳትና ደም ሲኖረው ነው፣ ቀላሉ ተቅማጥ ያለ መድኃኒት ከ3 እስከ 7 ቀን ባለው ውስጥ ራሱ ይለቃል። የልብ ምት ችግር ካለብህ ደሞ አዚትሮማይሲንን ያለ ሐኪም እንዳትጀምረው። ተቅማጥ የሚያቆመው ሎፔራማይድ ለስብሰባ ወይ ለአውሮፕላን ሰአት ይረዳል፣ ደም ካየህ ወይም ትኩሳት ካለህ ግን በፍጹም አይወሰድም።

ሻንጣህ ውስጥ መጀመሪያ የሚገባው ግን ኦአርኤስ ነው፣ በውሃ የሚበጠበጠው የጨውና የስኳር ዱቄት፣ በእኛ ፋርማሲ ለምለም ብለህ የምትጠይቀው። አዋቂ ሰው የህጻን መድኃኒት አርጎ ስለሚያየው ይንቀዋል፣ ክሊኒክ ሲገባ ግሉኮስ ስቀሉልኝ ነው የሚለው። እዛው ህንድ የሆነውን ልንገርህ። እ.ኤ.አ. በ1971 ባንግላዴሽ በጦርነት ስትወለድ ሚሊዮኖች ድንበር ተሻግረው ምዕራብ ቤንጋል ገቡ፣ ባንጋኦን በሚባል ቦታ ካምፑ ውስጥ ኮሌራ ተነሳ፣ የሚሰቀለው ፈሳሽ አለቀ፣ ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ የሚባል ሐኪም ጨውና ስኳርና ሶዳ በውሃ አስበጥብጦ በበርሜል አርጎ በኩባያ እያስጠጣ ነው ሰውን ያተረፈው፣ ከመቶ ወደ ሰላሳ ይሞት የነበረው ወደ 3.6 ወረደ። ከኮሌራ ሰው ያተረፈ ነገር አንተንም ይረዳህ ነበር፣ ሁለት ፓኬት ይዘህ ቢሆን ያ መውደቅ ምናልባት ባልመጣ።

አበጣበጡን በደንብ ልብ በል ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚ ነው። የአንድ ሊትር ሃይላንድ ትከፍታለህ፣ ማሸጊያው በፊትህ የተከፈተ መሆኑን አይተህ፣ ከአፉ ላይ አንድ ጉንጭ የምታህል ትቀንሳለህ ዱቄቱ ሲገባ እንዳይፈስ፣ ከዛ ሙሉውን ፓኬት ትጨምርና ክዳኑን ዘግተህ ነጭ ደለል ታች እስኪጠፋ ድረስ ትነቀንቀዋለህ። ግማሽ ፓኬት በግማሽ ሊትር እያልክ በግምት እንዳትከፍለው። ህንድ ላይ ከገዛኸው ጀርባውን አንብብ፣ ለአንድ ሊትር የሆነ አለ ለ200 ሚሊ የሆነ ትንሽ ፓኬት አለ፣ የትንሿን በሊትር ከበጠበጥክ ውሃ ብቻ ጠጣህ ማለት ነው፣ የትልቁን በብርጭቆ ከበጠበጥክ ደሞ ጨው ጠጣህ። በካርቶን የታሸገ ጣፋጭ ጭማቂ ኦአርኤስ በሚመስል ስም ሲሸጥ ብታይ እንዳትሸወድ፣ ስኳሩ ሲበዛ ተቅማጡን ያባብሰዋል፣ ኮካም ያው ነው። ሽንት ቤት ደርሰህ በተመለስክ ቁጥር አንድ ብርጭቆ፣ ካስመለሰህ አስር ደቂቃ ቆይተህ በማንኪያ በማንኪያ፣ የበጠበጥከው ከ24 ሰአት ካለፈ ድፋው። ፓኬት ካጣህ ደሞ ለአንድ ሊትር ስድስት የተላገ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ጨዋን እንዳታበዛት። ሽንትህን እየው፣ ነጣ ካለና ቶሎ ቶሎ ከመጣ ደህና ነህ፣ ከጠቆረ ወይ ግማሽ ቀን ከጠፋ ወደ ሐኪም።

ወደ ሐኪም የሚያስኬደው ሌላው ደም፣ ከ38.5 በላይ ትኩሳት፣ ምንም ነገር ሆድ አልይዝ ማለት፣ ስትነሳ ዓይንህ ከጨለመ፣ ሶስት ቀን አልፎ ካልቀለለ። ከሁለት ሳምንት ከበለጠ ደሞ ያን ጊዜ ነው ጃርዲያን በሰገራ ምርመራ የምንፈልገው።

ትኩሳት ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም አንተ የምትኖረው ባህርዳር ነው። ከተማችን ወደ 1,800 ሜትር ላይ ናት፣ ወባ አለ፣ ከመስከረም እስከ ታህሳስ ደሞ ይብሳል። እና ህንድ ሆነህ ቢያተኩስህ ሐኪሙ ከየት ነው የመጣኸው ሲልህ ኢትዮጵያ ብቻ አትበለው፣ ወባ ያለበት ሐይቅ ዳር ነው የምኖረው በለው። አንድ ታካሚ ነበረኝ፣ ስሙንም ሰፈሩንም አልጠራም፣ ከሙምባይ ተመልሶ በሶስተኛው ሳምንት እየቆየ ያንቀጠቅጠዋል፣ አንድ ቦታ ሄዶ በዊዳል ምርመራ "ታይፎይድ" ተባለ፣ አስር ቀን መርፌ ተወጋ፣ እኔ ጋር ሲመጣ ዓይኑ ቢጫ ሆኗል ጉልበት የለውም። አንድ ጠብታ ደም በማይክሮስኮፕ አየን፣ ቫይቫክስ ወባ ነው። ቫይቫክስ ጉበት ውስጥ ወራት ተኝቶ የሚነሳ አይነት ነው፣ ከዛ ይዞት ይምጣ ከዚ ይዞት ይሂድ ማወቅ አልቻልንም። ዊዳል የሚሉት ምርመራ ድሮ በነበረ ኢንፌክሽንም ፖዘቲቭ ይላል፣ ብቻውን ታይፎይድ ነው አያስብልም፣ ስለዚ ከጉዞ መጥተህ ካተኮሰህ መጀመሪያ የወባ ደም ምርመራ፣ ያውም በዛው ቀን።

አሁን ወደ ትልቁ ነገር ልምጣ። አንተን የጎዳህ ባክቴሪያው ነው፣ ልትሞት ያደረሰህ ግን ይሉኝታህ ነው። እንዴት ደውዬ ሆዴን አመመኝ እላለሁ፣ ቤቱ ባበላኝ ማግስት፣ ስድብ ይመስልበታል ብለህ ዝም አልክ። እስቲ ገልብጠህ እየው። ያ ሰው እዚ ባህርዳር መጥቶ አንተ ቤት በልቶ፣ ሌሊቱን ታሞ፣ ሁለት ቀን ሆቴል ውስጥ ብቻውን ሲወድቅ ሲነሳ ቆይቶ ሳይነግርህ ወደ ሀገሩ ቢሄድ፣ ኋላ ብትሰማ ምን ይሰማሃል? እኔን ባመመኝ ነው የምትለው፣ ምነው አንድ ቃል ቢለኝ ነው የምትለው። የጉጃራት ሰው ደሞ በእንግዳ ነገር ከኛ አይተናነስም፣ እንግዳ አምላክ ነው የሚል አባባል አላቸው፣ እኛ "በሞቴ" "አፈር ስሆን" እያልን እንደምንጎተጉተው እነሱም መጎትጎቱን አግራህ ብለው ስም አውጥተውለታል። ብትደውልለት ኖሮ ኪችዲ ያስልክልህ ነበር፣ ሩዝና ምስር መሳይ ጥራጥሬ አብረው እስኪልም የተቀቀለ፣ እኛ ለታመመ አጥሚት እንደምናቀርበው እነሱም ለታመመ ሆድ እሱን ነው የሚያቀርቡት፣ በዛ ላይ ሐኪሙንም ቋንቋውንም የሚያውቀው እሱ ነው። አንተ ዝም ስትል እሱ ዋጋ ጠልቶ ነው ብሎ ተቀየመ፣ ያንተ ማፈር ለእሱ ንቀት ሆኖ ነው የታየው።

ስለዚ እምቢታው ምግቡ ሳይቀርብ በፊት ነው መነገር ያለበት። ትኬት እንደቆረጥክ በዋትሳፕ "ባለፈው አሞኝ ነበር፣ ላሳስብህ ስላልፈለኩ ነው ያልነገርኩህ፣ ሐኪሜ ያልፈላ ውሃ፣ በረዶና ጥሬ ነገር ከልክሎኛል፣ ትኩስ የሆነ ሁሉ ግን ደስ ብሎኝ እበላለሁ" ብለህ ላክለት። ሐኪም ከልክሎኛል የሚለው በየትኛውም ሀገር ይሰራል፣ ውሸትም አይደለም፣ ይኸው ከለከልኩህ። እዛ ቤት ስትገባ መጀመሪያ የሚቀርብልህ ብርጭቆ ውሃ ነው፣ እኛ ቡና ሳይጠጣ አይኬድም እንደምንለው ነው ለነሱ፣ ተቀብለህ አመስግነህ አጠገብህ አስቀምጠው፣ ሻይ ይሻለኛል በል። ሻያቸው ከወተትና ከስኳር ጋር ተንተክትኮ የሚፈላ ነው፣ ህንድ ውስጥ ከሚቀርብልህ ሁሉ በጣም የምወድልህ እሱን ነው። ቂጣው ከምጣድ እንደወረደ፣ ክኩ እንደጋለ፣ ሩዙ እንደጨሰ ብላ። ቻስ የሚሉት አሬራ መሳይ መጠጥ አለ፣ በጣም ይጣፍጣል ግን በውሃ የሚቀጥን ስለሆነ ይለፍህ፣ አረንጓዴው ማባያና የተከተፈ ጥሬ ሽንኩርት ቲማቲሙም እንዲሁ፣ ፍራፍሬ ራስህ የላጥከው ሙዝና ብርቱካን። ታሊ የሚባለው ትሪ ላይ አሳላፊው ሳህኑ ባዶ ባየ ቁጥር ይጨምራል፣ መብቃትህን የምታሳውቀው መዳፍህን ከሳህኑ በላይ ዘርግተህ ፈገግ ስትል ነው፣ አንዴ ካደረክ አይከፋቸውም። እጅህን ደሞ በሳሙና፣ በውሃ ብቻ ማለቅለቅ እጅ መታጠብ አይደለም፣ ሳኒታይዘርም አንዳንዱን ቫይረስ አይገድለውም።

እንግዶችህ ጋር ስንመጣ፣ በዚ ጥያቄ በጣም ነው የተደሰትኩት፣ ብዙ ሰው ለራሱ ሆድ እንጂ ለእንግዳው ሆድ አይጠይቅም። ያንተ ሆድ ለራጅኮት ባክቴሪያ እንግዳ እንደነበረ የነሱም ለባህርዳር እንግዳ ነው።

መጀመሪያ ስጋ አይበሉም ብለህ ብቻ እንዳትቆም። ጉጃራት ላይ ስጋ የማይበላ ሰው ብዙውን ጊዜ አሳም እንቁላልም አይበላም፣ ወተትና ቂቤ ግን ይበላል። እኛ ጾም ስንል ሌላ ነው፣ የጾም ብለው አሳ የሚያቀርቡ ቤቶች አሉ፣ ባህርዳር ደሞ የአሳ ሀገር ነው፣ ቀረሶው በተጠበሰበት ዘይት ድንች ጠብሰው ቢያቀርቡላቸው ለነሱ ያው አሳ ነው። ሽሮ ብለህ ስታዝም ቦዘና እንዳይሆን በስሙ ጠርተህ አስጠንቅቅ። ቀጥሎ አንድ ነገር ጠይቀው፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ትበላላችሁ ወይ? ጃይን የሚባሉት ሃይማኖተኞችና ስዋሚናራያን ተከታዮች አይበሉም፣ ሁለቱም ጉጃራት ውስጥ ብዙ ናቸው። አንበላም ካሉህ ደሞ ነገሩ ከወጡ ሽንኩርት አያልፍም፣ በርበሬያችን ራሱ ሲዘጋጅ ነጭ ሽንኩርት ይገባበታል፣ ምጥን ሽሮውም እንደዛው፣ ስለዚ ለነሱ ባለቤትህ ለብቻ ድስት ክክ አልጫ በእርድና በጨው፣ ጎመን በዘይት፣ ፎሶልያ ብትሰራ ይበቃል፣ እንጀራውን ይወዱታል ብዬ አምናለሁ፣ ከሩዝና ከሽምብራ አቡክተው የሚሰሩት ዶክላ የሚባል ኮምጠጥ ያለ ምግብ አላቸው። ጠጅና አረቄ ደሞ ከማቅረብህ በፊት ጠይቅ፣ ጉጃራት ክልሉ ከተመሰረተበት ከ1960 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መጠጥ በህግ የተከለከለበት ነው።

ጉርሻን በተመለከተ ለባለቤትህ ቀስ አርገህ ንገራት። የሌላ ሰው አፍ ወይ ምራቅ የነካው ምግብ እነሱ ጋር የረከሰ ነው የሚል ከልጅነት የገባ ስሜት አለ፣ ልብ ብለህ አይተህ እንደሆነ ብዙዎቹ ከሃይላንድ ውሃ ሲጠጡ ከንፈራቸውን ሳያስነኩ ከላይ ነው የሚያንቆረቁሩት። ስለዚ ለየብቻ ሳህን አቅርቡላቸው፣ ጉርሻ ራሳቸው ከጠየቁ ብቻ፣ እጅ በሳሙና ታጥቦ፣ የመጀመሪያው ከራስሽ ሳህን እንዳይሆን በላት። ብታጎርሳቸውና ቢያቅማሙ ንቀት እንዳይመስላት።

ውሃቸው የታሸገ ይሁን ወይም የፈላ፣ እኛ ከፍታ ላይ አንድ ደቂቃ በደንብ ከተንተከተከ ይበቃል። አምቦ ውሃ ጥሩ ነው። ጠላና ብርዝ በጥሬ ውሃ ስለሆነ ይለፋቸው፣ ወተቱ ይፈላ፣ ካልፈላ ወተት የተሰራ እርጎም አልወድላቸውም። ጁስ ቤት ወስደህ ስፕሪስ ልጋብዝ እንደምትል አውቃለሁ፣ አቮካዶው ንጹህ ነው፣ ማሽኑና ብርጭቆው የሚለቀለቅበት ውሃ ነው የሚያሰጋኝ፣ ቤት ውስጥ ራሳችሁ ስሩላቸው። ቡናው ያለ ስጋት፣ ሶስቱንም፣ አቦል ቶና በረካ፣ ያንተ ሻይ እዛ እንደሆነ የነሱ ቡና እዚ ነው። ቁርሱን ፈንዲሻ አርጉት።

ዘጌ በጀልባ ብትወስዳቸው ደስ ይላቸዋል፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ማየት አለባቸው፣ የዘጌን ቡናም ከነዛፉ። ግን ጣና ዳር ደንገል ያለበት ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ እግራቸውን እንዳይነክሩ፣ ቢልሃርዝያ አለ፣ ትንሽ ቀንድ አውጣ ውስጥ አድጎ ወጥቶ በቆዳ ነው የሚገባው፣ ሲገባ አታውቀውም፣ ከሳምንታት በኋላ ነው የሚያሳምመው። ከጀልባው የሚረጨው ያን ያህል አያሰጋም፣ የጥምቀቱም ርጭት እንደዛው፣ የኔ ስጋት ጫማ አውልቆ ዳሩ ላይ ገብቶ መቆሙ ነው።

ሁለት ነገር ደሞ ከሀገራቸው ሳይነሱ። ህንድ ከኢትዮጵያ የሚገባን ሰው የቢጫ ወባ ካርድ ትጠይቃለች፣ የራሷንም ዜጋ፣ ካርድ የሌለውን እስከ 6 ቀን ልታቆየው ትችላለች፣ ካርዱ የሚጸናው ክትባቱ ከተወሰደ ከ10 ቀን በኋላ ነው፣ ከዛ በኋላ ግን ለእድሜ ልክ ነው። አንተ በዚሁ ህግ ገብተሃል፣ እነሱ ግን ሲመለሱ እንደሚጠየቁ ላያውቁ ይችላሉ፣ ዛሬውኑ ጻፍላቸው። ሌላው ወባ ነው፣ ጥር ላይ ከመኸሩ ይቀላል ግን አልጠፋም፣ የመከላከያ ኪኒን ሐኪማቸውን ይጠይቁ፣ ክሎሮኪን ለኛ ሀገር አይሆንም፣ ሆቴሉ ደሞ አጎበር ያለው ይሁን፣ ሳይገቡ በፊት ራስህ ሄደህ አጎበሩ ቀዳዳ እንደሌለው ዘርግተህ እየው።

ሲመጡ ደሞ የመጀመሪያው ቀን ላይ፣ ከመብላታችሁ በፊት፣ "ሆዳችሁን ትንሽም ቢያማችሁ ሌሊትም ቢሆን ደውሉልኝ፣ እኔ እናንተ ጋር አሞኝ ደብቄ ተጎድቻለሁ" በላቸው። ፍሪጅህ ላይ አራት አምስት ፓኬት ለምለም ይኑር።

በሶውን ያዝ ወንድሜ፣ ምኑ ያሳፍራል? እነሱም ቴፕላ የሚሉት ቀናት የሚቆይ ቂጣ አላቸው፣ የጉጃራት ሰው መንገድ ሲወጣ በሻንጣው ይዞ ነው የሚሄደው፣ ራጅኮት ላይ ስንቅ መያዝ ማንንም አያስገርምም። ሆድህ ሲረበሽ ወይ ሌሊት ሲርብህ ሆቴሉ ካመጣልህ የፈላ ውሃ ቀዝቀዝ አርገህ በጨው በጥብጠህ ጠጣው፣ በቧንቧ ውሃ እንዳይሆን ብቻ። ባለቤትህ ደሞ አብዝታ ትቋጥር፣ ሚጥሚጣም ምንም ሳይገባበት፣ እና ግማሹን ለሰውየው ሚስት ስጣት፣ ገብስና ጨው ብቻ ነው፣ ሽንኩርት የለበትም ብለህ። ሰሜን ህንድ ላይ ሳቱ የሚሉት ከተቆላ እህል የሚፈጭ ዱቄት አለ፣ ስታሸተው ታውቀዋለች።